በግዝት የታሰረው ድምፅ

ውድ ወንድሜ ህሩይ፣

«እንደምን ሰነበትህ» ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ እምቢ አለኝ። ሰላምታ ሳይሰጡ ወሬ መጀመር ደግሞ አባየ ያሳደጉን አይደለምና፣ ባለህበት ሰላም ይሁንልህ፣ የእናቴ ልጅ። ካረፍህ ዛሬ ሦስት ወርህ ነው። ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ፣ ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሆኜ ነው። ከምሳ በኋላ ወረፋው ቀለል ሲል መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው ሲመጣ እነሣለሁ፤ ስለዚህ ወሬዬ ቢቆራረጥ እንዳትቆጣ። በሕይወት ሳለህም «ሰብልየ፣ ዙሪያውን አትዙሪ፣ ግቢበት» እያልህ ታስቸግረኝ ነበር። አሁን የምታቋርጠኝ አይመስለኝምና እንደ ልማዴ ዙሬ ዙሬ ነው የምገባበት።

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ በታክሲ ስመለስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ወንዴ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «ድልድዩ ላይ ተመትቶ ወድቋል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» ይላል። ሌላው ደግሞ «እንግዲያው አንተ ወንዴን አታውቀውም» እያለ ይስቅበታል። ስለ ጎረቤታቸው እንጂ ስለ ፊልም ሰው የሚያወሩ አይመስሉም። ዘወር ብዬ «ወንዴን የወለደው የእኔ ወንድም ነው» ልላቸው ቃጣኝና ተውሁት። ከአፌ ቃል ሳይወጣ እንባዬ ሊቀድመኝ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የባዕድ ፊልም በአማርኛ ስትተርክ የሰዎቹን ስም አንድም ቀን አልቀየርህም። ፊልሙ ከህንድ ይምጣ ከቻይና፣ ከአሜሪካ ይምጣ ከቱርክ፣ ዋናው ሰውዬ ወንዴ ነው። የሚወዳት ልጅ ምሥራቅ ናት። ክፉው ሐብተ ማርያም ነው፤ ቅኔ ቤት ሳለህ ከአኮፋዳህ ቁራሽ እየሰረቀ ያስለቀሰህ ተማሪ መሆኑን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። አሁን የተከበረ ሰው ሆኗል አሉ፤ ልጆቹም የአባታቸው ሞክሼ በየፊልሙ ሲደበደብ እያዩ ይስቃሉ። እናትየዋ ደግሞ የትም አገር ትወለድ፣ ምንም ዓይነት ልብስ ትልበስ፣ እንኳየሁ ናት። የእማየን ስም ነው የሰጠሃት። እማየ ስትሞት አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት።

ስሟን ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልነበር። አነጋገሯንም ሰጠሃት። ያቺ የቻይና ባልቴት፣ ልጇ ጎራዴ መዝዞ ሊበቀል ሲወጣ በቋንቋዋ ምን እንዳለችው እግዚአብሔር ይወቅ። በአንተ አፍ ግን «አንተ ልጅ፣ እሱን ብረት ወዲያ አስቀምጥና እህል ቅመስ፤ ሰዎቹ እንደሆነ የትም አይሄዱብህም» አለችው። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ ግን የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ አለቀስሁ። ቃል በቃል እማየ ናት። ስንወጣ ዓይኔን አይተህ «ተዋናዮቹ ያረጃሉ ሰብልየ፣ ሰው ስማቸውንም ይረሳዋል፤ ወንዴና እንኳየሁ ግን መቶ ዓመትም ቢቆዩ እንደዛሬው ናቸው፤ እማየን እዚያ ያስቀመጥኋት ለዚያ ነው» አልኸኝ። እብድ ነህ አልሁህ። እብድ እንዳልነበርህ ዛሬ ገብቶኛል።

አባየ ግን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። አያውቁም ብለን ነበር ልበል። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ማለት ስንቱን ዲያቆን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የአንተን ድምፅ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምረው ለመቅደስ ነበር ያሰቡት። አንተ ዲያቆን ነህ፣ ቅኔ ቤት ትውላለህ ይላሉ። አንድ ቀን ከካህናቱ ጋር ከቀብር ሲመለሱ በምናለ ቪዲዮ ቤት ደጅ አለፉ። ምናለ እንደምታውቀው ተመልካች ለመሳብ ሞንታርቦውን ወደ መንገዱ አዙሮታል። ቅኔ እየቆጠረ ነው ያሉት ልጃቸው በሞንታርቦ «ወንዴ፣ ዙር፣ ከኋላህ ነው» እያለ ይጮኻል። አብረዋቸው ከነበሩት ካህናት አንዳንዶቹ ሳቁ። አባየ አልሳቁም።

ቤት ስትመጣ ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁህ። አልጮኹም፣ እጃቸውንም አላነሡብህም። መስቀላቸውን እንደያዙ፣ «ይህን ሥራ እስክትተው ድረስ የዚህን ቤት ደፍ እንዳትረግጥ። ድምፅህም እዚህ ቤት እንዳይሰማ። በእናትህ አጽም ገዝቼሃለሁ» አሉህ። አንተ ጎንበስ ብለህ ጉልበታቸውን ሳምህና መጽሐፍህን እንኳ ሳትይዝ ወጣህ። በሳምንቱ ምናለ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሊያስታርቅ መጣ። «ሥራውን ይተውና ራሱ ይምጣ» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የመጣ የለም። የቄስ ግዝት ነዋ፤ ያሰረህ ካልፈታህ በወዲያኛውም ዓለም እንደታሰርህ ነህ እየተባልን ነው ያደግነው።

ሰው ግዝት ሲያከብር እንደ አንተ ያለ አላየሁም። በሩን ታንኳኳለህ፣ እኔ እወጣለሁ፣ የግቢውን አጥር ጨርሰን እስክናልፍ አንዲት ቃል አትተነፍስም። አንድ ጊዜ ሊያስነጥስህ ሲል አፍንጫህን ጨምድደህ ይዘህ ዓይንህ እስኪቀላ የታገልኸው ትዝ ይልሃል? ሳቄ መጥቶ፣ የምስቀው እኔ፣ ግዝቱን ያፈረስህ የሚመስልህ ግን አንተ። አንድ የጥምቀት ሰሞን «ምነው ይህን ሥራ ትተኸው ብትመለስ» ብዬ ለመንሁህ። «እማየ የምታወራበት ሌላ ቦታ የለኝም» አልኸኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄህ አላውቅም።

ከስድስት ዓመት በፊት የዓይን ግፊት የአባየን ብርሃን ወሰደው። መቀደሱ ቀረ፣ ማንበቡ ቀረ፤ ተማሪዎቻቸውም አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። በረንዳው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ የሚውሉበት ቀን በዛ። ምግብ አቅርቤ «አባየ ይብሉ» ስላቸው ድምፄን የሰሙት ከሩቅ አገር ይመስላሉ። እንዳላጣቸው ፈራሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እተኩሳለሁ፤ ከምናለ ያስጫንሁትን ፍላሽ ትንሿ ራዲዮ ላይ ሰክቼ ፊልምህን ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ። ድምፅህን እዚያ ቤት ማስገባቴ ግዝቱን መድፈር እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አባየ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነው። እንኳየሁ ወንዴን እየመረቀች ሳለ ከበረንዳው «ሰብለ፣ ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። ካውያውን ቀና አድርጌ አቆምሁት። «ተረት ነው አባየ፤ የአዲስ አበባ ራዲዮ ነው» አልሁ። አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። በመጨረሻ «ከፍ አድርጊው» አሉኝ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ራዲዮው ይከፈታል። ሥዕሉን ስለማያዩት ጎራዴውና ጠመንጃው ግድ አይሰጣቸውም፤ ወንዴ ሲማረክ «ኧረ ይሄ ልጅ አይሰማም» ብለው ይተክዛሉ፣ ምሥራቅ ስታለቅስ ያጽናኗታል፣ እንኳየሁ ስትናገር ግን አንገታቸውን ደፍተው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። አንተን «ተረት ነጋሪው» ነበር የሚሉህ። ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገሩት ሰውዬ ሰኞና ማክሰኞ ስለ ወንዴ ያወሩኝ ጀመር። ይህን ለአንተ ስነግርህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። «አውቀውኝ ይሆን?» አልኸኝ። «በምን ያውቃሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የራዲዮ ድምፅ ደግሞ ይለውጣል» አልሁህ። እኔ እኮ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አንዳንዴ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ። «ተረት ነጋሪው ቅኔ ቤት የገባ ይመስላል» ይላሉ። «የት ደርሶ ይሆን ያቋረጠው?» ብለው ይጨምራሉ። ባለፈው ግንቦት ላይ ደግሞ በቅጂው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለህ። አባየ ከቁም ሣጥናቸው ስር ያቆዩትን ነጭ ማር አውጥተው፣ «ለዚያ ሰው ላኪለት፤ ደረቱን ያለዝብለታል» አሉኝ። «አዲስ አበባ ድረስ?» ብዬ ሳቅሁ። «መንገደኛ አይጠፋም» አሉ። ማሩን አመጣሁልህ፤ የላኩት እሳቸው መሆናቸውን ግን አልነገርሁህም። ነገሩን የእርጅና አድርጌ ነበር የያዝሁት።

ሰኔ ላይ ሆድህ ተነፋ፣ ዓይንህም ቢጫ ሆነ። ጉበትህ እንደሆነና ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሞቹ ለእኔ ነገሩኝ፤ አንተ ሳይነግሩህ ቀድመህ አውቀኸዋል። ነሐሴ ሲገባ፣ ቸቸላ ባለችው የኪራይ ክፍልህ፣ ትራስህን ከፍ ሳደርግልህ እጄን ለቀም አድርገህ ያዝህ።

«አባየ ይፍቱኝ ሰብልየ። ሽማግሌ አልልክም፣ ሽማግሌ መልሰዋል። አንቺ ለምኝልኝ። እንደታሰርሁ አልሂድ።»

እሺ አልሁህ። እሺ ያልሁህ ከልቤ ነበር። ግን ቤት ገብቼ ከፊታቸው ስቆም ምላሴ ተሳሰረ። «ይፍቱት» ለማለት መጀመሪያ የማወጣው ሌላ ጉድ ነበረኛ። ቄስ አባቴን አምስት ዓመት ሙሉ ዋሽቼ፣ ራሳቸው የገዘቱትን ድምፅ በራሳቸው ቤት አሰምቻለሁ። ብናገር ራዲዮው ይዘጋል፤ ራዲዮው ከተዘጋ አባየ ወደዚያ ዝምታቸው ይመለሳሉ። ምናልባትም ተቆጥተው ግዝቱን ያጠብቁብሃል ብዬ ፈራሁ። እነሆ ምክንያት አላጣሁም። ፍልሰታ ነው፣ ሱባኤ ላይ ናቸው አልሁ። ዘመን ይለወጥ፣ በበዓል ሰው ሆዱ ይራራል አልሁ። እንቁጣጣሽ መጣ፣ እንግዳ በዛ። መስቀል ይለፍ አልሁ። አዲስ ነገር መቅዳት ስለተውህ አሮጌዎቹን ፊልሞችህን እየደጋገምሁ እከፍትላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይህን ሰምቼዋለሁ ሳይሉ ይሰማሉ።

አንተ በመጣሁ ቁጥር ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። በመስቀል ማግሥት «ነገርሻቸው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከንፈርህ ደርቋል፣ ድምፅህ አልቋል። አልነገርኋቸውም ማለት አልቻልሁም። «ነግሬያቸዋለሁ፤ ሊያስቡበት ነው» አልሁህ። አንተም «ይሁን፣ ያስቡበት» ብለህ ዓይንህን ጨፈንህ።

ወደዚህች ነገር እመለሳለሁ። አሁን መስኮቱ እየተንኳኳ ነው፤ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

ተመለስሁ። የሞትህበት ሳምንት ቅዳሜ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር፤ ይህን ብታምነኝም ባታምነኝም እውነት ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ምናለ በባጃጅ ይዞህ መጣ። ካርድህን ከመደርደሪያው ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ወደ ክፍልህ ወጥቼ አየሁህ፤ አላወቅኸኝም። ሰባት ሰዓት ገደማ ያው ካርድ ተመልሶ መጣልኝ። በእኛ ክፍል የሞተ ሰው ካርድ ከሌሎቹ ጋር አይቀመጥም፤ ከበስተኋላ ለብቻው መደርደሪያ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የስንቱን ሰው ካርድ ወስጄ እዚያ ስከት ኖሬ የአንተን መክተት አቃተኝ። የሥራ ባልደረባዬ ሄለን ከእጄ ተቀብላ ወሰደችው።

ቤት ስደርስ አባየ በረንዳው ላይ ነበሩ። አፌን ሳልከፍት እርምጃዬን ሰምተው «መቼ?» አሉኝ።

«ምኑ አባየ?»

«ህሩይ መቼ ዐረፈ?»

እግራቸው ስር ቁጭ አልሁ። እዚያው ሆኜ አወጣሁት፤ ራዲዮው የአዲስ አበባ እንዳልነበረ፣ ጉበትህን፣ ከነሐሴ ጀምሮ ይፍቱኝ ብለህ ልከኸኝ ሳልናገር መቅረቴን። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አንዲቱን ብቻ ዋጥሁ። አባየ ራሴን በእጃቸው ዳበሱኝ። «ድምፁን በመጀመሪያው ቅዳሜ አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ዜማ ያስቆጠርሁት እኔ አይደለሁም? የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ ትንፋሹ አጠረ። አሮጌዎቹን መደጋገም ስትጀምሪ አልጋ እንደያዘ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳይፈቱት ቀሩ?» አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«እስኪለመንለት እየጠበቅሁ። አማላጅ ሳይቆም ግዝት አይፈታም፣ ሥርዓት ነው እያልሁ። ሥርዓት አይደለም ልጄ፣ ኩራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ራዲዮውን ስትከፍቺ ዛሬስ ትጠይቀኛለች እላለሁ። ተረቱ ያልቃል፣ አንቺ ትዘጊውና ትሄጃለሽ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው።»

ያቺን ቃል ነሐሴ ላይ ሰጥተኸኝ እስከ ጥቅምት በአፌ ይዣት ዞርሁ፣ ህሩይ። እሳቸው ሊፈቱህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ አንተ ልትፈታ ቸቸላ ተኝተህ፣ መካከላችሁ የተጋደምሁት እኔ ነኝ።

ቀብርህ ላይ ካህናቱ ለአባየ ቦታ ለቀቁላቸው። ፍትሐቱን ጥቂት እንዲሉ፣ ከዚያም ፈትቼሃለሁ እንዲሉህ ሁሉም ይጠብቃል። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሣጥንህ ቀረቡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ያ ደብሩን የሚሞላው ድምፅ እንደ ትንፋሽ ሆኖ ቀረ። የጎረቤታችን ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ኋላ መለሷቸውና ፍትሐቱን ሌሎች ጨረሱት። አፈር ሲመለስብህ አንተ ገና እንደታሰርህ ነበርህ። ያን ቀን ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

አርባህ በወጣ በማግሥቱ አባየ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው «ወደ ምናለ ውሰጂኝ» አሉ። ምናለን ታውቀዋለህ፣ ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ አሁን ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ የሚጭንባት ያቺ ጠባብ ሱቅ ናት ያለችው። አባየን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚገባበት ጠፋው። እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሙትና «የመጨረሻ ሥራው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት። ምናለ ለማንም ያልሰጠውን አወጣ። እንደታመምህ የጀመርኸው፣ ሩቡ የቀረው ፊልም ነው። ተቀመጥንና ሰማንህ። ድምፅህ ደክሟል ግን ይሄዳል፤ ወንዴ ከጦርነት ተመልሶ ወደ አገሩ እየገባ ሳለ ድንገት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ማንም የማይገባው የባዕድ ቋንቋ ብቻ ነው።

«አሁን ምን ይታያል?» አሉ አባየ።

ምናለ «ወንዴ የአባቱ ቤት በር ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ውስጥ ተቀምጧል» አላቸው። አየህ፣ ለወንዴም ለምሥራቅም ለእናትም ስም አውጥተህ ለአባት ስም አውጥተህ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት። አባት በመጣ ቁጥር ሽማግሌው ትለዋለህ፣ ታልፈዋለህ። አባየም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። እጃቸውን ዘርግተው «መናገሪያውን አቀብለኝ» አሉ። ምናለ እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁለት። ማይክሮፎኑን እጃቸው ላይ አደረገላቸው።

«ሽማግሌው ተነሣ» አሉ። ድምፃቸው ተመልሷል። «ዓይኑ አያይም። ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ። በሩን ከፈተው። ልጄ ህሩይ፣ ደፉን ተሻግረህ ግባ። በቃሌ ያሰርሁህ እኔ አባትህ ኃይለ ጊዮርጊስ ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

በሥዕሉ ላይ ሽማግሌው አልተነሣም ነበር። በሩም አልተከፈተም። ወንዴ ጥቂት ቆሞ ፊቱን አዙሮ በመጣበት መንገድ ሄደ። ምናለም እኔም አየን፤ እስከ ዛሬም አልነገርናቸውም።

ምናለ ከዚያ ቅጂ አንዲት ቃል ሳይቆርጥ ለቀቀው። አሁን ወደ ሳንጃና ወደ ዛሪማ በሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ ይሰማል አሉ። ሥዕሉን የሚያዩት ግራ ይጋባሉ፣ ወንዴ እየሄደ ግባ ይባላል። ድምፁን ብቻ የሚሰሙት ግን ያለቅሳሉ። የምናለ ደንበኞችም አሁን ወንዴን አይጠይቁም፤ «ያ ሽማግሌው ያለበትን ጫንልኝ» ነው የሚሉት። ህሩይ ማን ነው ብለው የሚጠይቁም አሉ። አባየ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ። እየደከሙ ነው፤ የሚበሉትም ለይስሙላ ነው። ያም ሆኖ ከአንተ ሰዎች ጋር ገብተዋል፣ ከወንዴና ከእማየ ጋር፤ ከእንግዲህ አያረጁም።

እንግዲህ ዙሬ ዙሬ ደረስሁ። አባየ እኔን «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ የዋጥኋትን ነገር ስለማያውቁ ነው። «ሊያስቡበት ነው» ማለቴን ለማንም አልተናገርሁም። ዝም ብዬ ብቀር አንድ ነገር ነበር፤ ቢያንስ ገና አልሰሙም ብለህ ተስፋ ታደርግ ነበር። እኔ ግን «አባየ ልመናዬን ሰምተው ያመነታሉ» ብለህ ሦስት ሳምንት እንድትጠብቅ፣ ያንንም ይዘህ እንድትሄድ አደረግሁህ። ያን ቀን «ይሁን» ስትለኝ የጨፈንኸው ዓይን አሁንም እዚህ መስኮት ላይ ይመጣብኛል። አባየ አላመነቱም ህሩይ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ አላመነቱም። ይህን ከእኔ አፍ መስማት ነበረብህ፣ በጊዜው።

አንተን ያሰሩህ አባየ ነበሩ፣ የፈቱህም እሳቸው ናቸው። የእኔን የሚፈታው ሌላ ሰው የለም፤ የበደልሁት አንተን ነው። አባየን ልላክ ብል ማወቃቸው ይገድላቸዋል፤ ምናለንም አፍራለሁ። አማላጅ የለኝምና ያለ አማላጅ፣ ራሴው ከደጅህ ቆሜያለሁ።

ፍታኝ፣ የእናቴ ልጅ።

እህትህ፣
ሰብለ ወንጌል ኃይለ ጊዮርጊስ
ጎንደር